የማስቀየም ተቃራኒ

ቦንጋ ባስተማርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰው አስቀየምኩ። ሰው ማስቀየም ለእኔ ብርቅ አይደለም፤ አፌ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሮጠው። ያኛው ግን ከሌላው ሁሉ ይለያል። ሰውየውን ያስቀየምኳቸው ልከላከልላቸው ተነስቼ ነው፤ ደግሞም በከተማው ውስጥ ከእሳቸው በቀር የእኔ የምለው ሰው አልነበረኝም።

በትምህርት ቤታችን ባዮሎጂ የሚያስተምሩ የካፋ ተወላጅ ነበሩ። ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጡኛል፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። እኔ ከሸዋ አንድ ሻንጣ ይዤ በክረምት ማብቂያ ስደርስ ገና ሰላም ሳይሉኝ ጫማዬን አይተው፣ «በዚህማ እስከ ገበያው አትደርስም» አሉኝና ሱቅ ወስደው ቦቲ ጫማ አስመረጡኝ። ቤት ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው። የታመምኩ ጊዜ ሾርባ ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው። «አንተ የሸዋ ልጅ» ነበር የሚሉኝ፤ እኔም ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ ዘመን መምህር ሆኖ ግምገማን የማያውቅ የለም። መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ በተማሪ ዴስክ ላይ ጉልበታችንን አጥፈን እንቀመጣለን። አንዱ ይነሳና ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ከዚያ ሌላው ሂስ ይሰጠዋል፤ ሰብሳቢው በቃለ ጉባኤ ይጽፋል። «እኔ በማንም ላይ ሂስ የለኝም» ያለ ሰው ወዮለት፤ አድርባይ ተብሎ የሱ ስም ነው የሚጻፈው። እኛ ደግሞ መምህራን ነንና ዘዴ አናጣም። ከግምገማው በፊት ባለው ቀን ሁለት ሁለት እየሆንን እንዋዋላለን። አንተ ቾክ ታባክናለህ በለኝ፣ እኔ ሌሰን ፕላን ታዘገያለህ እልሃለሁ፣ ተባብለን እንለያያለን። ሂሱ እንዳይጎዳ ትንሽ መሆን አለበት፤ ለመጻፍ እንዲበቃ ደግሞ በጣም ትንሽ መሆን የለበትም። ልኩን ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር።

እኔና ጋሼ በር ላይ ቆመን ተዋዋልን። ድምፃቸው ስለሚጮህ ጎረቤት ክፍል ይረብሻል እንድል፣ እሳቸው ደግሞ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ፊደል ያንሳል እንዲሉኝ። ሁለቱም እውነት ነው። ጋሼ ስለ ቅጠል ሲያስተምሩ የእኔ ተማሪዎች አማርኛውን ትተው ስለ ቅጠል ይማሩ ነበር።

በማግስቱ የጋሼ ተራ ሲደርስ ከእኔ በፊት የተነሳ አንድ መምህር ድምፃቸው ይጮሃል ብሎ ተቀመጠ። የእኔን ወሰደብኝ። ተነሳሁ። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ይዞ፣ «እሱ ተነግሯል፤ ሌላ ካለህ» አለኝ። የለኝም ማለት አልችልም። ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ጠፋችብኝ። አፌ ግን እንደ ልማዱ እኔን አልጠበቀኝም።

«ሰኞ ሰኞ ያረፍዳሉ» አልኩ።

«በየሳምንቱ?»

«በየሳምንቱ እንኳን አይደለም። ብዙውን ጊዜ።»

«ስንት ፔሬድ?»

«አንድ። አንዳንዴ ሁለት።»

ባብራራሁ ቁጥር ነገሩ እየከፋ ሄደ፤ ይኼን እያወቅሁ እንኳን ማብራራቴን አልተውኩም። ሰብሳቢው አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። በእኔ ተራ ጋሼ ተነሱና፣ «ፊደሉ ትንሽ ያንሳል» ብለው ተቀመጡ። ውላቸውን ጠበቁ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት። ያን ዓመት ለትምህርት ቤታችን አንድ የክረምት ዲግሪ ዕድል መጥቶ ነበር። ጋሼ በዲፕሎማ ስንት ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ በፊተኛው መንግሥትም ሳይደርሳቸው ቀርቷል። አሁን ግን ተራው የእሳቸው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስሙ ወደ ዞን የሚላከው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ አብሮት የሚያያዘው ደግሞ ያ ቃለ ጉባኤ ነው። «የሥራ ሰዓት አያከብሩም» ይላል። እኔ ነኝ ያስጻፍኩት።

በማግስቱ ስታፍ ውስጥ ስገባ ጋሼ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «እንደምን አደሩ መምህር፤ ይቀመጡ» አሉኝ።

እርስዎ ተባልኩ። በእሳቸው አፍ አንተ ያልሆንኩት ያን ቀን ብቻ ነው ብዬ ነበር፤ ግን በማግስቱም እርስዎ ነኝ፣ በሳልስቱም። ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ። አክብሮት እንዲህ እንደሚያቃጥል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት ከዘጠነኛ ክፍል ጋር ተቃራኒ ቃላት ላይ ደርሰን ነበር። ሰሌዳው ላይ አራት ግሦች ጻፍኩ፤ አናደደ፣ አበሳጨ፣ አስከፋ፣ አስቀየመ። እውነቱን ለመናገር ከመጽሐፉ አይደለም ያወጣኋቸው። አብዛኞቹ ልጆች አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለነበር እኛ ሳናስብ የምንናገረውን ቃል እነሱ አገላብጠው አይተው ነው የሚያነሱት። ለአናደደ አበረደ አሉኝ፣ ለአበሳጨ አረጋጋ፣ ለአስከፋ አስደሰተ። አስቀየመ ላይ ግማሹ ክፍል «አላስቀየመም» ብሎ ጮኸ።

«እሱማ ያላደረገው ሰው ነው» አልኩ። «አንዴ ያደረገውስ?»

እኔ «አስደሰተ» ብዬ ልጽፍ ስል ከዋጫ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እሱ ልክ አይደለም። እኔ ወንድሜን አስቀይሜው ከረሜላ ገዛሁለት። ደስ አለው። ግን እስካሁን እንደተቀየመኝ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ቾኩን ይዤ ቀረሁ። እውነቷን ነው። ባባብልስ? ማባበል ለሕፃን ነው። ባጽናናስ? እሱ ለሐዘንተኛ ነው። ብክስ? ያጠፋሁባቸው ዕቃ የለ። ቃላቱ ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ቤት የሚሄዱ ሆኑብኝ። ደወሉ ሲደወል የአስቀየመ ትይዩ ባዶውን ነበር፤ «ለነገ አስቡበት» ብዬ ወጣሁ። ያላወቀ መምህር የሚለው ይኼንኑ ነው።

ልጅቷ እንዲያ ብትለኝም እኔ ማስደሰቱን ሳልሞክር አልተውኩም። ጋሼ ሬዲዮ ይወዳሉ፤ ሁለት አዲስ ባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ሰጠኋቸው። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ለምን ተቸገሩ» ብለው ተቀበሉኝ። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ጠርሙስ ማር ተቀምጦ አገኘሁ። ውለታዬ አንድ ቀን እንኳን እጃቸው ላይ አላደረም። ማሩ ነጭ የጫካ ማር ነበር፤ ሆኖም አልጣመኝም።

ቀጥሎ የቤት አከራዬን ለመንኳቸው። እትዬ ከጋሼ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሳለሙት፤ ደግሞም የተጣላ ሰው ማስታረቅ ይወዳሉ። ሄደው አናገሯቸውና ተመልሰው መጡ። ነጠላቸውን ሳያወልቁ በሬ ላይ ቆሙ።

«ምን ተጣላንና ነው ያሉኝ። ጎበዝ ልጅ ነው አሉ። እኔ የተጣላ ሰው ነው የማስታርቀው፤ ይኼ ምኑ ይያዛል?»

እትዬ ትንሽ አሰቡና፣ «ለመሆኑ ሰኞ ሰኞ ለምንድን ነው የሚያረፍዱት?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ሁለት ዓመት አብረሃቸው እየበላህ?»

አላውቅም ነበር። በየሰኞው ቦቲያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ፣ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ ሲገቡ አይቻለሁ። አይቼ፣ ቆጥሬ፣ ለሰብሳቢ ተናግሬአለሁ። ለምን ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅሁም። አገሩን፣ ቋንቋውን፣ የዛፉን ስም ሁሉ የምጠይቅ ወሬኛ፣ ይኼን አንዱን አልጠየቅሁም። ከተናገርኩት ይልቅ ይኼ አሳፈረኝ። እትዬን ስጠይቃቸው ሰንበትን ከከተማ ውጭ ማንኪራ የሚባል ገጠር እናታቸው ዘንድ እንደሚያሳልፉ ብቻ ነበር የሚያውቁት።

በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መንገድ ጠይቄ ወደ ማንኪራ ወረድኩ። መንገዱ የእግር ነው፤ በቡናው ጫካ ውስጥ ያልፋል፤ ደግሞ ያዳልጣል። ሦስት ጊዜ ወድቄ ስደርስ ጋሼ ከእናታቸው ጋር ደጅ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ያልደነገጡ መስለው ብድግ አሉ፤ «ይግቡ መምህር» አሉኝ።

እናትየዋን እማማ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቀን ከሌሊት ከመለየት ብዙም አያልፍም። የገበያ አማርኛ ያውቃሉ። ደጁ ላይ ያልተፈለጠ ግንድ ተከምሯል፤ ጀሪካኖቹ ባዶአቸውን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ጋሼን የሚያህል ጉልበተኛ ሰው ቀኑን ሙሉ እዚህ ተቀምጦ ይኼ ሁሉ ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ገረመኝ። አሁንስ ተማርኩ፤ ጠየቅሁ። መልሱን የሰጡኝ እማማ ናቸው። ቅዳሜና እሁድ በእሳቸው ደጅ መጥረቢያ አይነሳም፣ ውኃም አይቀዳም። ባላቸው በሕይወት ሳሉም እንዲሁ ነበር። የጎረቤት ልጅ ማስቸገር ደግሞ አይወዱም።

መሸብኝና አደርኩ። ገና ሳይነጋ የመጥረቢያ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ጋሼ በፋኖስ የሳምንቱን እንጨት ይፈልጡ ነበር። ከዚያ ሁለት ሁለት ጀሪካን እየያዙ ወንዝ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ላግዝዎ ብል፣ «እንግዳ ነዎት» አሉኝ። ሲነጋጋ ፊታቸውን ታጥበው፣ ሸሚዝ ለብሰው፣ የእናታቸውን ጉልበት ስመው መንገድ ጀመሩ። መራመድ አይባልም፤ እኔ እየሮጥኩ ነው የተከተልኳቸው።

ዳገቱ ላይ ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ «ለዳይሬክተሩ ቢነግሯቸው ፔሬዱን ይቀይሩልዎት አልነበር?» አልኳቸው።

ዘወር ሳይሉ መለሱልኝ። «ምክንያቱን ሳይጽፉ ይቀይራሉ? እናቴን ቃለ ጉባኤ ላይ ላስጽፋት ነው?» ትንሽ ሄዱና ደግሞ፣ «እሷም አታውቅም። የሰኞ ትምህርት አራት ሰዓት ነው የሚጀምረው ብያታለሁ። ካወቀች አትምጣ ትለኛለች» አሉ።

ያን ዕለት እኔም አረፈድኩ። ሰብሳቢው በር ላይ አየን።

ከዚያ በኋላ የማደርገውን አወቅሁ፤ መንገዱን ግን አላወቅሁም። እውነቱን ብናገር እናትየዋ ቃለ ጉባኤ ይገባሉ። እናትየዋን ላለማስገባት መዋሸት አለብኝ። ሰብሳቢው ዘንድ ሄጄ ሂሴ ይነሳልኝ ስለው ሂስ ይነሳ የሚባል ነገር የለም አለኝ። ሐሰተኛ ሂስ አቅርቤአለሁ ብለህ በመምህራን ፊት ግለ ሂስ ካደረግህ ግን እሱ ይጻፋል፤ ያንተም ነጥብ በዚያው ልክ ይወርዳል አለኝ። እኔ ደግሞ ገና የደረጃ ዕድገቴን ማጽደቅ ማዘግየቱ በእነሱ እጅ ያለ ሰው ነኝ።

ስሙ ሊላክ አራት ቀን ሲቀረው ተሰበሰብን። ተነሳሁ። «ስለ ጋሼ የተናገርኩት ሐሰት ነው» አልኩ። ሰብሳቢው ቀና ብሎ ብዙ አየኝ። ሰኞ ከጋሼ ኋላ ጭቃ ተለውሼ ስገባ ያየኝ እሱ ነው።

«ሐሰት ነው?»

«ሐሰት ነው።»

«ታዲያ ለምን ተናገርከው?»

«የምለው አጣሁ።» ይኼ እንኳን እውነት ነበር።

አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። ስለ እኔ የጻፈውን በኋላ አየሁት፤ አቋም የለሽ ይላል። የደረጃ ዕድገቴ ዘገየ። የጋሼ ስም ወደ ዞን ሄደ፤ ሰኔ መግቢያ ላይ ማለፉ ተነገረ።

እስከዚያ ድረስ በጋሼ አፍ እርስዎ እንደሆንኩ ነበር። ማለፋቸው የተነገረ ዕለት ግን ከበር ውጭ ጠበቁኝ። ጎን ለጎን ብዙ ሄድን።

«ሐሰት ነው ብለህ ዋሸህ አይደል?»

«ዋሸሁ።»

«እኔ ክረምቱን የለሁም» አሉ። «መጥረቢያ መያዝ ትችላለህ?»

ትችላለህ አሉኝ። እችላለሁ አልኩ፤ መጥረቢያ ይዤ የማላውቅ ሰው። ቢጠይቁኝ ዛፍም እተክላለሁ፣ ንብም አወርዳለሁ እል ነበር፤ እንዲያ ነው ደስ ያለኝ።

ክረምቱን አገሬ ሳልሄድ ቀረሁ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ማንኪራ እወርዳለሁ፤ ሰኞ ሳይነጋ እፈልጣለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ። እማማ በር ላይ ተቀምጠው በድምፁ ነው የሚያርሙኝ። «ልጄ ግንዱን ይመታል፤ አንተ ትለምነዋለህ» ይሉኝ ነበር። እጄ ተላላጠ፣ ቆሰለ፣ ጠነከረ። እኔም ግንድ መምታት ጀመርኩ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ደጅ ተቀምጠናል። እማማ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ «የሰኞ ትምህርት ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» አሉኝ።

አራት ሰዓት ማለት ቀላል ነበር፤ ለዚህ ቤት ስል ከዚያ የባሰ ዋሽቻለሁ። ግን ዝም ባልኩ መጠን እሳቸው መልሱን እያገኙት ነበር።

«ያን ጊዜ አንተ ስትመጣ፣ ሰኞ ጠዋት እየሮጣችሁ ነው የሄዳችሁት። እግራችሁን ሰምቻለሁ። ጊዜ ያለው ሰው አይሮጥም። ሁለት ሰዓት ነው አይደል?»

«ሁለት ሰዓት ነው፣ እማማ።»

«ይቆጡታል?»

«ተቆጥተዋቸው ነበር። እኔ ነኝ ያስቆጣሁባቸው።» ሁሉንም ነገርኳቸው። ግምገማውን፣ ሊቀር የነበረውን ትምህርት፣ ጋሼ ከእሳቸው የደበቁትን። እየተናገርኩ ዳግመኛ ጋሼን እያስቀየምኩ እንደሆነ ይታወቀኛል፤ አፌን ግን አልያዝኩትም።

እማማ አለቀሱ መሰለኝ፤ አላለቀሱም። ተነሱና ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ጓሮ ዞሩ። ሲመለሱ መጥረቢያውን ይዘዋል።

«ፍለጥ» አሉኝ።

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። በሰንበት ጥፍሬን እንኳን ቆርጬ አላውቅም። «እማማ፣ ዛሬ እኮ እሁድ ነው፤ ነገ ማልጄ እፈልጠዋለሁ» አልኳቸው።

«ነገ ለልጄ አይሆነውም። ሲመጣ ሰኞ እንዳያረፍድ እሁድ ፍለጥ ብለው እምቢ ይለኛል፤ አውቀዋለሁ። አንተ በሌለህበት በደጄ እሁድ ተፈልጧል እለዋለሁ። እንዳልዋሽ አንተ ፍለጥልኝ።»

በርጩማቸውን ሳቡና ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ተቀመጡ። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት። ግንዱን አቆምኩና መታሁት። የመጀመሪያው ድምፅ ሲሰማ ትከሻቸው ደንገጥ አለ፤ አማተቡ።

«ቀጥል» አሉኝ።